ወደ ባራ ሳንታ ሪታ በርካሽ

ሜክሲኮ ከተማ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1981

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ኤርሜሊንዳ ማሪቼ
ባራ ሳንታ ሪታ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ከማን እንደመጣ ሳያውቁ እንዳይጥሉት ቶሎ ልናገርና፣ እኔ ኦቲሊያ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የቬናንሲዮ ልጅ። ከባራ ስወጣ ገና ጡት አልጣልኩም ነበርና ቢያዩኝ አያውቁኝም። እኔም እርስዎን የማውቀው በአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ከአባቴ ጎን ቆመው ዓሣ በጅራቱ አንጠልጥለው የሚስቁበት።

አሁን የምሠራው ሸሚዝ ስፌት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ እገጥማለሁ። ባለቤቱ ዘንድሮ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሊሰጠን ነው፤ ጓደኞቼም ከወዲሁ ባሕር ባሕር እያሉ ነው። እኔ ግን የባሕር ሰው ልጅ ሆኜ እስከ ዛሬ ባሕር አይቼ አላውቅም። ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የቆዳዬን ጥቁረት አይቶ «ኩባዊት ነሽ?» ይለኛል። «አይደለሁም፣ የባራ ሰው ነኝ» እላለሁ። «ባራ እንዴት ያለ አገር ነው?» ሲሉኝ ግን ያንኑ ፎቶ ነው የምነግራቸው።

ስለዚህ ልጠይቅዎ የፈለግሁት ይህን ነው፤ ወደዚያ በርካሽ እንዴት ይመጣል? የትኛው ወር ይሻላል? ሆቴል የሚባል ነገር ለእኔ አቅም አይደለም። እርስዎ ለመንገደኛ ሐማክ፣ ያንን ተንጠልጣይ የመረብ አልጋ፣ እንደሚያከራዩ ሰምቻለሁ። ዘመድ ነኝ ብላ ልትቀላውጥ ነው እንዳይሉኝ፣ ሌላው የሚከፍለውን እከፍላለሁ።

እናቴ ደህና ናት። ለእርስዎ መጻፌን ግን አልነገርኳትም፤ የባራ ስም ሲነሳ ተነስታ ትወጣለችና። ሌላው ጠባይዋ ያው ነው። ማታ በር አትቀረቅርም። በዚህ ከተማ! ሁለት ጊዜ ሌባ ገብቶ አንዴ ሬዲዮ፣ አንዴ ብረት ድስት ወስዶብናል። እኔ ስቀረቅረው እሷ ተነስታ ትከፍተዋለች። ለምን ስላት «ልማዴ ነው» ትላለች።

መልስዎን በናፍቆት እጠብቃለሁ። ዓሣው ይብዛልዎ፤ ጣራዎን ነፋስ አያግኘው።

ኦቲሊያ ማሪቼ


ባራ ሳንታ ሪታ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1981

ለልጄ ለኦቲሊያ

እንደምን ነሽልኝ ልጄ? ሳንታ ሪታ ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ያመጣልኝን የካሚዮን ሹፌር እንኳ ትባርከው፤ መቀመጫው ሥር ረስቶት ከርሞ ዘይት ቢያስጠጣውም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስምሽን ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ቁጭ አልኩ። አንድ ጊዜ አንብቤ አልጠገብኩምና ለጎረቤትም አነበብኩላት፤ እሷም አለቀሰች። እሷ ግን በሁሉም ነገር ታለቅሳለች።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። በፋሲካ ሳምንት እንዳትመጪ። ያኔ ከተማችሁ ተገልብጦ እኛ ላይ ነው የሚፈሰው፤ እኔ ራሴ ሐማኬን በሦስት እጥፍ ነው የማከራየው። ካንቺ ባልቀበልም ማስተኛ ቦታ አይኖረኝም። ደጉ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ነው። ዝናቡ ከጠነከረ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ካሚዮኑ ይቆማል፤ አንቺም የእኛው ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

አካፑልኮ እንዳታድሪ። እዚያ አንድ ሌሊት የሚበላው ገንዘብ እኛ ጋ ሳምንት ያኖራል። ጠዋት ስትደርሺ ወዲያው ሁለተኛ ማዕረጉን አውቶቡስ ያዢ፤ አንደኛውም ሁለተኛውም የሚዘልሉት ያንኑ ጉድጓድ ነው። ብቻ ከኋላ እንዳትቀመጪ፣ አንጀትሽ ይበጠሳል። ኩዋሂ ከተማ ወርደሽ ገበያው አጠገብ የእኛን ካሚዮን ታገኛለሽ። ሹፌሩን ስንት ነው ብለሽ አትጠይቂው። የጠየቀ እንግዳ ነውና እጥፍ ይላል። ዝርዝሩን እጁ ላይ አድርጊለትና «ዶኛ ኤርሜሊንዳ ጋ» ብለሽ ዝም በዪ።

ለምግብ አታስቢ። ጠዋት መረብ ሲወጣ ወርደሽ ገመድ ሳቢ። በእኛ አገር ገመድ የሳበ ሰው ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን አላፊ አግዳሚ፣ ዓሣ ሳይዝ አይሄድም። አንድ ፈረንጅ እዚህ ሁለት ወር በገመድ ብቻ ኖሮ ወፍሮ ነው የሄደው። ቶርቲያው፣ የበቆሎ ቂጣው፣ ከእኔ። ሐማክ ላይ ቀጥ ብለሽ አትተኚ፤ ሰያፍ ተኚ፣ አለዚያ ጎብጠሽ ነው የምትነሺው። ጠዋት ጫማሽን ሳታራግፊ አታጥልቂ፣ ጊንጥ አለ። ባሕሩ ውስጥ ደግሞ ከጉልበትሽ በላይ አትግቢ። ይኼን ስልሽ እየቀለድኩ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። እናትሽ ከቬናንሲዮ ልብስ ያስቀመጠችው ካለ ይዘሽ ነይ፤ ሸሚዝ ቢሆን ደግ ነው። አባትሽን ውኃ ከወሰደው ጀምሮ ጥላው አልተነሳም። በእኛ ልማድ ከቤቱ ውጭ የሞተ ሰው ጥላው በወደቀበት ይቀራል። ሚስቱ ወይም ልጁ ጎህ ሲቀድ ከጸሎት መሪው ጋር ወርዳ፣ ልብሱን አሸዋ ላይ ዘርግታ፣ በስሙ ጠርታ ታነሳዋለች፤ ወደ ቤቱም ታመጣዋለች። ካልተነሳ ሜዳ ላይ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። የአባትሽ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ነው። ጸሎቱን የሚያውቁት ዶን ሲሪሎ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ዘንድሮ ያለ ሰው ትከሻ አይራመዱም፤ ለማንም አላስተማሩም። እሳቸው ካለፉ ቬናንሲዮን የሚጠራው የለም። ቶሎ ነይ የምልሽ ለሐማኩ ብዬ አይደለም።

እናትሽን አምፓሮን ሰላም በዪልኝ፤ ሰላምታዬን የምትቀበል ከሆነ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ሜክሲኮ ከተማ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1981

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፤ የቆየሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አክስቴ፣ እኔ የጠየቅሁዎ ስለ ባሕር ነበር። የሐማክ ዋጋ ነበር የጠየቅሁዎ። እርስዎ የአባቴን መርዶ ላኩልኝ።

እኔ ሳድግ የተነገረኝ እንዲህ ነው። አባቴ ድንበር ተሻግሮ ቴክሳስ ሐብሐብ ለቀማ ገብቷል፤ አንድ ቀን ይመጣል። ትምህርት ቤት አባትሽ የት ነው ሲሉኝ ቴክሳስ እል ነበር። ሌሎቹ አባቶች ገንዘብ ይልካሉ፣ ካርድ ይልካሉ፤ የእኔ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። እስከ ዛሬ ሐብሐብ አልበላም። ገበያ ላይ ተቆርጦ ሳየው ደሜ ይፈላል። ከእኛ አስበልጦ የመረጠው ነገር ይመስለኛል።

ደብዳቤዎን ያነበብኩ ዕለት ማታ እናቴ መቀርቀሪያውን ስትከፍት እጇን ያዝኳት።

«ዛሬ ምክንያቱን ትነግሪኛለሽ» አልኳት።

«ቁልፍ የለውም» አለችኝ።

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ። ቢመጣ በምን ይገባል?»

እጇን ለቀቅሁት። አንዲት ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ እያስገባች ባሏን ስትጠብቅ ምን ይባላል?

ስለዚህ ስለ እውነት ይንገሩኝ። በዓይኑ ያየ ሰው አለ? ወይስ የአገር ወሬ ነው? ሰምጦ ከሆነ አልረሳንም ማለት ነው። ያንን ማሰብ ደስ ሊለኝ ሲገባ አስለቀሰኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተቀየምኩት ሰው ምንም አላደረገኝም ማለት ነውና።

ስለ መምጣቴ አሁን ምንም አልልም።

ኦቲሊያ


ባራ ሳንታ ሪታ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1981

ለልጄ ለኦቲሊያ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። የፋሲካ እንግዶች ሄዱልን፤ ሁለት ሐማክ ቀደው፣ ባሕሩን ግን ሳይወስዱት። የጻፍሽውን አንብቤ አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እንዲሁ እጮህ ነበር።

ያየሁት እኔ ነኝ። መንደሩ ሁሉ ነው ያየው። ክረምት ሲገባ ሐይቃችን ይሞላል፤ ቤታችን እንዳይገባ ወንዶቹ ከባሕሩ የሚለየውን አሸዋ በአካፋ ይቆርጡለታል። የደስታ ቀን ነው፤ ሴቱ ምግብ ይዞ ዳር ይቀመጣል። ያን ቀን አሸዋው ሳይታሰብ ተደረመሰ። አንድ ጎረምሳ ውኃው መሐል ቀረ፤ ቬናንሲዮ ገብቶ ገፍትሮ ወደ እኛ አወጣው። እሱን ውኃው ይዞት ሄደ። አንዴ እጁን አየሁት። ከዚያ ባሕሩ ብቻ ነበር። አካፋው በማግስቱ ወጣ፤ እሱ አልወጣም።

አምፓሮ የደጋ ልጅ ናት። ቬናንሲዮ ለሥራ ፑዌብላ ሄዶ አግብቷት ያመጣት እንጂ ባሕርም ልማዳችንንም አታውቅም። በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አሸዋው ላይ ተሰብስበን እሷን ስንጠብቅ፣ አንቺን አዝላ ባዶ እጇን መጣች። ልብስ አልያዘችም። «ሬሳውን አሳዩኝ» አለች። «ሬሳ ሳላይ ባሌን አትገድሉብኝም!» ዶን ሲሪሎ ሻማቸውን እፍ ብለው አጠፉ። ሚስት ካልፈቀደች ማንም አያነሳም። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እኔ ክፉ አልተናገርኳትም፤ ሰው ባገኘው ገመድ ይንጠልጠል ብዬ ነው።

ልጄ፣ አባትሽን ግደይው አላልኩሽም። ቤቱ አግቢው ነው የምልሽ። እዚያ ቦታ መረብ የሚጥል የለም። ዓሣ አጥማጆቹ ሲያልፉ «ደህና አደርክ ቬናንሲዮ» ብለው ያልፋሉ። ያን ጊዜ ያልተወለዱት ሳይቀሩ እንደዚያ ይላሉ። ጆሮዬ ለምዶታል፤ ልቤ ግን እንቢ ብሎኛል። ከአንድ ጡት የጠባን ያህል ነው ያደግነው፤ ውጭ እያደረ እኔ ጣራ ሥር መተኛቱ ያሳፍረኛል።

ዶን ሲሪሎ ከፋሲካ ወዲህ መኝታ ይዘዋል። «ልጅቱስ?» ይሉኛል በየቀኑ። «ትመጣለች» እላለሁ። እንድዋሽ አታድርጊኝ።

ባትፈልጊም ነይ። ሐማኩ ያው ያንቺ ነው። ባሕርሽን አይተሽ፣ ገመድሽን ስበሽ፣ ዓሣሽን በልተሽ ሂጂ፤ ቅር አይለኝም። ዋሸሁ፣ ቅር ይለኛል። ግን ነይ።

አክስትሽ ኤርሜሊንዳ


ሜክሲኮ ከተማ፣ ሜይ 24 ቀን 1981

ለውድ አክስቴ

ጤናዎ ይብዛልኝ። መጥቻለሁ ብለው ይቁጠሩት። ሐሙስ ጁን 4 ማታ ከዚህ እነሳለሁ። እንደመከሩኝ አካፑልኮ አላድርም።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ፊቷን ግን አታሳየኝም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልብስ ሣጥኗ ተከፍቷል፤ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ታቅፋለች። ሸሚዝ ሥራዬ ነውና ከበሩ ላይ ሆኜ አወቅሁት፤ ኮሌታው በእጅ የተሰፋ፣ የድሮ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን እንዳለ አላውቅም ነበር።

«አሽትቺው» አለችኝ። አሸተትኩት። ምን እንደሸተተኝ ልነግርዎ አልችልም፤ የማላውቀው ሰው ሸተተኝ።

ከዚያ ተነስታ ባልዲ አወጣች። በሳሙናና በሎሚ አሸችው፤ አሰጣችው፤ ስታርች አድርጋ ተኮሰችው። እጅጌውን ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ባሌ ዘመዶቹ ፊት በላብ ልብስ አይቀርብም» አለች። «ባሌ» አለች እንጂ «አባትሽ» አላለችም።   አጥፋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ይኸው እንደ አዲስ ሆኗል፤ ሲያዩት ይደሰታሉ። ለዶን ሲሪሎ ምን ይዤ ልምጣ? ትንባሆ ያጨሳሉ?

ኦቲሊያ


ባራ ሳንታ ሪታ፣ ጁን 1 ቀን 1981

ልጄ ኦቲሊያ

ይህ ሳትነሺ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም፤ ሹፌሩን ለምኜ ዛሬውኑ ኩዋሂ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ሸሚዙ ታጠበ? ታጠበ አልሺኝ?

ጥላ የሚያውቀው ላቡን ነው ልጄ። የሚዘረጋው ያልታጠበ ልብስ ነው፤ ባለቤቱ የራሱን ሽታ ተከትሎ እንዲመጣ። ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ እዚህ አፍ ያልፈታ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው። የሚነገር አልመሰለኝም። እናትሽን እንዳትቆጪያት፣ አደራ። የደጋ ሰው ሙታኑን በንጹሕ ልብስ ነው የሚሸኘው። የቀራትን አንድ ሽታ አጥባ የላከችልን አክብራን ነው፤ ይህን ሳስብ ውኃ መቅዳት አቅቶኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ለዶን ሲሪሎ ነገርኳቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው፣ በመጨረሻ ሳሙና?» አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስወጣ ግን ጠሩኝ። «ትምጣ ብቻ» አሉኝ። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም።

ሌላ ልብስ ካለ ፈልጊ፤ ባርኔጣም ቢሆን፣ መሐረብም ቢሆን። ከሌለም ነይ።

ኤርሜሊንዳ


ሜክሲኮ ከተማ፣ ጁን 21 ቀን 1981

ለውድ አክስቴ ለዶኛ ኤርሜሊንዳ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? በሰላም ገብቻለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ከሄድኩ በኋላ ደርሶ፣ እናቴ ሳትከፍተው አስቀምጣልኝ አገኘሁት። ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ የምመጣበት ወኔ ላይኖረኝ ይችል ነበርና፣ ፖስታ ቤቱን እንኳን ዘገየ ብያለሁ።

እናቴ የሆነውን ሁሉ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ቃል በቃል አስነገረችኝ። እርስዎም እዚያው ነበሩ፤ ግን እኔ ከታች ሆኜ ያየሁትን አላዩምና ለእሷ እንደነገርኳት እጽፍልዎታለሁ።

የካሚዮኑን ሹፌር እንደመከሩኝ ስንት ነው ሳልል ዝርዝሩን እጁ ላይ አደረግሁለት። ገንዘቡን ትቶ ፊቴን አየ። «የቬናንሲዮ ልጅ ነሽ» አለና ዝርዝሩን መልሶ ኪሴ ከተተው። ኩባዊት ነሽ ያለኝ የለም። እርስዎ ደጃፍ ላይ ስወርድ ሐማኩ ተሰቅሎ ነበር፤ ተኝቼበት ሲጎረብጠኝ ሰያፍ ተኚ ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ዶን ሲሪሎን አራት ሰዎች ከነወንበራቸው ተሸክመው አሸዋው ላይ አስቀመጧቸው። ሸሚዙን ከጨርቁ ፈትተው እርስዎ አሸተቱት፤ ፊትዎ ሲለወጥ አየሁ። ለእሳቸው ሰጧቸው።

«ሎሚ ሎሚ ይላል» አሉ ዶን ሲሪሎ። «ይኼ ሸሚዝ የማንም ሸሚዝ ነው።»

ያኔ ነገሩኝ። አክስቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። እናቴ ስታሸው ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ባልዲውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ምን ይሁን? ሌላ ቀን እንመለስ?» አሏቸው እርስዎ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ቀን የምመጣበት እግር አለኝ?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ የሚያዩኝ አልመሰለኝም ነበር። «ልጅቱ ገላዋን ታጥባለች?»

«የት ትታጠባለች? ሌሊቱን በአውቶቡስ፣ ቀኑን በካሚዮን ስትናጥ ነው የመጣችው። እንደ ወረደች ነው የተኛችው» አሉ እርስዎ። አፈርኩ።

«እንግዲያው የአባቷ ላብ እዚህ አለ» አሉ ዶን ሲሪሎ። «ከእሱ ሌላ ከየት አመጣችው? ተኚ ልጄ።»

ተኛሁ። አሸዋው ይቀዘቅዛል። እጅሽን ዘርጊ አሉኝ፤ ዘረጋሁ። እርስዎ ጎንበስ ብለው ከራሴ ጀምሮ ዙሪያዬን በጣትዎ አሰመሩ፤ ጉልበትዎ ሲንቋቋ ሰማሁ። እግሬ ጋ ሲደርሱ «እግሩ ነው፣ እግሩ ነው» ሲሉ ሰማሁ፤ ለማንም አልነበረም የሚሉት። ሻማዎቹን ነፋሱ ሲያጠፋቸው ሰዎቹ መልሰው ይለኩሷቸዋል። ገመድ ይስቡ የነበሩት ሰዎች ገመዱን ለቀው መጥተው ቆሙ። መረቡ ወደ ባሕር ተመልሶ ሲሄድ ማንም ዞሮ አላየውም። የዚያን ቀን እንጀራቸው ነበር።

ዶን ሲሪሎ ጸሎታቸውን አደረሱ። በዚያ በደከመ ደረት ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። «ቬናንሲዮ ማሪቼ፣ ልጅህ መጥታለች፤ ተነስ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ «ተነስ!» አለ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ እርስዎ አንድ እጄን፣ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ሌላውን ይዛችሁ ሳባችሁኝ። አባቴ ገፍትሮ ያወጣው ጎረምሳ እሱ መሆኑን የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ ኮሌታ ገጣሚ ነኝ፣ ክብደቴ የትም አይደርስም፤ ሁለት ሰው እየሳበኝ ግን መነሳት አቃተኝ። ከብዶኝ ነበር። ሰው አዝዬ እንደምነሳ ነው የከበደኝ። ድካም ነው የሚል ካለ ይበል።

ስቆም ዶን ሲሪሎ ሸሚዙን ዘረጉ። «አሁን አልብሷት። ሰው ቤቱ ሲገባ ንጹሕ ልብስ ደግ ነው። ሚስትየው አላጠፋችም» አሉ። ለበስኩት። ወደ ኋላ እንዳታዪ ተባልኩ። አይቼው በማላውቀው ባሕር ላይ ጀርባዬን አዙሬ፣ የአባቴን ሸሚዝ ለብሼ፣ አባቴ እስካደገበት እስከ እርስዎ ቤት ድረስ ሄድኩ። ከኋላዬ «ደህና አደርክ ቬናንሲዮ» የሚል አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ባሕሩን ጠገብኩት። እስከ ጉልበቴ ነው የገባሁት፣ አይቆጡ። በመመለሻዬ ኩዋሂ ገበያ ላይ ሐብሐብ ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ ጭማቂው እስከ ክንዴ ወረደ። ጣፋጭ ነው አክስቴ። ይህን ያህል ዓመት በከንቱ ነው የቀረብኝ።

ይህን ሁሉ ስነግራት እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሸሚዙ ልክሽ ሆነ?»

«እጅጌው ረዘመብኝ» አልኳት።

«እሱም ይረዝምበት ነበር» አለች። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጠቀልልለት።»

ራት አቀረበች፣ በላን። ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። እኔ ገና አልቀረቀርኩም ነበርና ምን ልትከፍት ነው ብዬ አየኋት። መቀርቀሪያው ከግማሽ በላይ ገብቶ ስለማያውቅ ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። በመዳፏ መታ መታ አድርጋ እስከ መጨረሻው አስገባችው። ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

«ገብቷል» አለች። «እንተኛ።»

ልጅዎ ኦቲሊያ